እህል በእግሬ አልነካም ያለችኝ አያቴ

«ሰው የሚበላውን እህል እግሬን ልታጥቢበት ነው?»

አያቴ ይሄን ያለችኝ ሳፋው ፊቷ ተቀምጦ፣ አጃ የተበተነበት ውሃ ለብ ብሎ፣ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ በርጩማው ላይ ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው። አነጋገሯ ቁጣ የለውም፣ የምሯን ነው የጠየቀችኝ፣ እኔ ደሞ ዝም አልኩ። ስለ ቆዳ ያነበብኩት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር ግን ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አልነበረም። ከዛን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ስወርድ ስወጣ ይመጣብኛል፣ ስለዚ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ሚዶው

አያቴን የሚያስቸግራት ማሳከክ ነው። ሽፍታ የለው፣ እብጠት የለው፣ ዝም ብሎ ማሳከክ። ደሴ ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ጠዋት ውርጭ ቀን ፀሐይ ማታ ደሞ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ሲሆን ይጀምራታል፣ እስከ ጥር ድረስ አይለቃትም። ከጉልበቷ በታች ያለው ቆዳ አመድማ ይሆንና ቅርፊት ቅርፊት ይላል፣ በጥፍር ጫር ሲደረግ ነጭ መስመር ይወጣል፣ ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ብናኙ ምንጣፉ ላይ ሲረግፍ በአይኔ አየዋለሁ። ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ስትወርድ ትንሽ ይሻላታል፣ ኮምቦልቻ እንደምታውቁት ከደሴ በስድስት መቶ ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ሞቃት አገር ነው፣ እሷ ግን «ቆላ ያፍነኛል» ብላ ሳምንት ሳትቆይ ትመለሳለች።

እኔና እሷ አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። ሌሊት ላይ የምሰማው ድምፅ አለ፣ የሚዶ ድምፅ፣ ድሮ ፀጉሯን የምታበጥርበት የእንጨት ሚዶ አላት፣ ጥርሱ ግማሹ የረገፈ፣ እሱን ትራስ ስር ታስቀምጠዋለች። እንዳልነቃ ብላ በቀስታ ነው የምታክከው፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ፣ ከዛ ትተወዋለች፣ ከዛ እንደገና። ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አለ። ምነው እማማ ስላት እየሳቀች «እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» ትለኛለች።

ተረቱን ስሰማ ነው ያደግኩት፣ አሁን ግን ጥፍሩ ራሱ ነው ነገሩን የሚያባብሰው ብዬ መከራከር ጀምሬያለሁ። ስታኪው የላይኛው ቆዳ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ እርጥበቱ ይወጣል፣ ይባስ ይደርቃል፣ የደረቀ ቆዳ ደሞ ይባስ ያሳክካል፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። «አንቺ ደሞ ሁሉን ታውቂያለሽ» ትለኛለች። ውይይቱ እዚህ ያልቃል።

ያላደረግነው ነገር የለም ብል ማጋነን አይሆንም። መጀመሪያ ሀኪም ቤት ወስደናታል፣ ስኳሯንም ኩላሊቷንም ጉበቷንም አስመርምረን ደህና ናት፣ የእድሜና የድርቀት ነው ተባልን። ይሄን ሳይጣራ ወደ ቤት ውስጥ መላ መሮጥ አይመከርም፣ ምክንያቱም ትልቅ ሰው ላይ ሽፍታ የሌለው የማይተው ማሳከክ አንዳንዴ ከውስጥ ነው የሚመጣው። እሷ ግን የድርቀት ነው ከተባለች በኋላም የራሷን ህክምና ቀጠለች፣ እሱም ምን መሰላችሁ፣ የሚፋጅ ውሃ በጨው። እግሯን ትነክርና «እፎይ» ትላለች፣ እውነትም ለጊዜው ያስታግሳታል፣ ሙቀት ማሳከክን ለትንሽ ደቂቃ ያደነዝዛል። ከዛ ግን ያለችዋን ቅባት ጠራርጎ ይወስድባትና ሌሊቱን ሚዶው እረፍት የለውም። ላዩ ላይ የልብስ ሳሙና ጨምሩበት። የሰው ቆዳ በተፈጥሮው ትንሽ አሲዳማ ነው፣ ፒኤች በሚባለው መለኪያ አምስት አካባቢ (ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል)፣ የልብስ ሳሙና ደሞ ዘጠኝም አስርም ይደርሳል፣ አያቴ ግን አረፋው ካላደፈቃት የታጠበች አይመስላትም። ደሞ ማታ ማታ ከሰል ምድጃው ላይ እግሯን ዘርግታ ነው የምትሞቀው።

ከዚህ ሁሉ ጋር በቀን አምስት ጊዜ ከሶላት በፊት የሚታጠቡት ውዱእ አለ። በሱብሂ ብርድ ማንቆርቆሪያውን አሙቃ ክንዷን እስከ ክርን እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚት ትታጠባለች፣ ከዛ ቆዳው እንዲሁ በንፋስ ይደርቃል፣ ቅባት የለ ምን የለ። ውዱእ ይቅር የሚል ጤነኛ ሰው የለም ቤታችን ውስጥ፣ ስለዚህ መላው ከውዱእ በኋላ ባለው ደቂቃ ላይ ነው መፈለግ ያለበት።

ፋርማሲ የምትሰራው ጓደኛዬ

አጃን ያመጣችው እሷ ናት። ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ነው የምትሰራው፣ ሄጄ የምታክክ አሮጊት አለችኝ አንድ ቅባት ስጪኝ ስላት የመጀመሪያ ነገር ያደረገችው «ምን ስትቀቡ ነበር?» ብላ መጠየቅ ነው። ስቴሮይድ የሚባለው የቆዳን መቆጣት የሚያጠፋ መድኃኒት እንደሆነ ፈርታ ነው። ሰው ባዶ ቱቦ ይዞ ይመጣና ይሄንኑ ስጪኝ ይላል አለችኝ፣ ቱቦው ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ ከፈንገስ መድኃኒትና ከአንቲባዮቲክ ጋር ተደባልቆ አለ፣ በሁለት ቀን ማሳከኩን ፀጥ ያደርገዋል፣ ሰው ደስ ብሎት ወር ሁለት ወር ይቀባዋል፣ ቆዳው እየሳሳ ደም ስሩ እየታየ ይመጣል፣ ሲያቆሙት ተመልሶ ይነሳል። ጭርት ከሆነ ደሞ ስቴሮይዱ መልኩን ያጠፋውና ጭራሽ ምን እንደሆነ የማይለይ ነገር ሆኖ ይሰፋል። ስቴሮይድ መጥፎ ነው አላለችም፣ ለችፌ ሀኪም ለክቶ ሲያዝ እንደሱ የሚሰራ የለም፣ ከሱቅ ላይ እንደ ሎሽን እየተገዛ መሆኑ ነው የሚያናድዳት።

ለእማማ ግን አለችኝ፣ ቫዝሊንና አጃ ሞክሪ።

አጃ? አጥሚት የምንሰራበት? አዎ እሱ። አራስ ቤት ስትገቡ የሚቀርብላችሁ፣ ልጅ ሆነን ሲያመን የጠጣነው። በደንብ ልሞ ውሃ ውስጥ ሲበተን ወተት ይመስላል፣ በውጭ አገር ኮሎይዳል ኦትሚል እያሉ በቅባትም በመታጠቢያም አድርገው ይሸጡታል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ቆዳን ከሚከላከሉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እኔ እንደገባኝ ሁለት ነገር ነው የሚሰራው፣ አንደኛ ስታርቹና ቤታ ግሉካን የሚባለው ነገር ውሃ ይዞ ቆዳው ላይ ስስ ሽፋን ይተዋል፣ እርጥበት ቶሎ እንዳይተን። ሁለተኛ አቬናንትራማይድ የሚባሉ አጃ ውስጥ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች አሉ፣ የቆዳውን መቆጣት ያበርዳሉ፣ ማሳከኩ የሚቀንሰው በነሱ ነው። ሌላው ቀርቶ ሳሙና በሌለበት ያጥባል፣ ትንሽ ሳፖኒን ስላለው።

ግን ጓደኛዬ ደጋግማ ያለችኝ አጃው ማስታገሻ ነው፣ ስራውን የሚሰራው ከሱ በኋላ የምትቀቢያት ቫዝሊን ናት። ይሄን አስምሩበት፣ ሰው አጃውን ሰምቶ ቫዝሊኑን ይረሳል፣ ቫዝሊን የሁሉም ቤት መስኮት ላይ ያለ ነገር ስለሆነ መድኃኒት አይመስልም።

ሰባ ሰባት

እንግዲህ ሱፐርማርኬት ገብቼ ታሽጎ የሚሸጠውን ጠፍጣፋ አጃ ገዛሁ፣ ስኳርም ጣዕምም የሌለበትን፣ በቡና መፍጫ ማሽን ፈጨሁት፣ ጣቴ መሀል ሳሸው እስኪንሸራተት ድረስ። ውሃ ለብ አደረግኩ። ሳፋው ላይ ስበትነው ውሃው ነጣ፣ እጄን ስከት ልስልስ አለ፣ ደስ አለኝ እውነት ለመናገር። እማማ ነይ እግርሽን ክተቺ። ምንድነው እሱ አለች። አጃ ነው አልኩ።

ሊገባ የነበረውን እግሯን ሰበሰበችው። ከዛ ነው ያቺን ጥያቄ የጠየቀችኝ። እኔ ዝም ስል «ይሄ ጥጋብ ነው» አለች፣ «ጥጋብ ደሞ ያስቀስፋል።»

አያቴ ስለ ሰባ ሰባቱ ረሃብ ብዙ አታወራም። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ የዛ ዘመን ሰዎች ወይ ሙሉ ቀን ያወሩታል ወይ በጭራሽ አያነሱትም፣ እሷ ከማያነሱት ናት። ያን ቀን ግን ሳፋው ፊቷ እንዳለ አወራች። ከአሰብ የተጫነ ስንዴ በኮምቦልቻ በኩል ሽቅብ ሲመጣ፣ ጆንያ ሲራገፍ ከተቀደደው የሚፈሰውን ፍሬ ሴቶቹ ከአፈር ላይ ይለቅሙ ነበር። እሷ ያኔ እናቴን አዝላለች። አንድ ዘበኛ ፍሬው ላይ ቆሟል። ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ ዛሬም አታውቅም። «ጌታው ጫማህን አንሳልኝ አልኩት፣ አላነሳም፣ ከጫማው ስር በጥፍሬ እየጎተትኩ አወጣሁት» አለችኝ። በእጇም አሳየችኝ፣ አመልካች ጣቷን አጥፋ ምንጣፉን እየጫረች፣ ሌሊት ሌሊት እግሯን በምታክበት በዛው ጣት።

ሁለት ማንኪያ ናት ልላት ፈልጌ ነበር። እኮ እውነቴን ነው፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ አጃ ለማንም ቁርስ አይሆንም፣ እኛ ቤት ድስት ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ገንፎ ከሱ ይበልጣል። ግን ይሄ የሂሳብ ጉዳይ እንዳልሆነ ፊቷን ሳየው ገባኝ። በሌላ በኩል ደሞ እልህ ያዘኝ፣ ሌሊት ሲደማ የማየው እኔ ነኝ፣ ሚዶውን የምሰማው እኔ ነኝ፣ ሞልቶ ኪሎ ሙሉ ተቀምጦ ለወግ ሲባል መሰቃየት ምንድነው የሚል ሀሳብም መጣብኝ። እና እንደ ጠበቃ መከራከሪያ ፈለግኩ፣ አገኘሁም መሰለኝ።

«ቅቤስ አይበላም እንዴ? ፀጉርሽን በምን ነው የምትቀቢው?»

ሳታስብ ነው የመለሰችልኝ። «ቅቤ ራስ ላይ ይወጣል» አለች።

እዚህ ጋ ነው እኔ የተሸነፍኩት። ወይም የገባኝ፣ የቱ እንደሆነ እስካሁን አልለየሁም። የአክስቴ ልጅ ለሰርጓ ሰሞን ማርና እንቁላል ፊቷን ተለቅልቃ ሳሎን ስትንጎራደድ አያቴ ቃል አልተናገረችም ነበር፣ ማርም እንቁላልም ከአጃ ይወደዳል። ጉዳዩ ሆድ ውስጥ አለመግባቱ አይደለም ለካ፣ ጉዳዩ ከላይ ነው ከታች የሚለው ነው። ራስ ላይ የወጣ ነገር ተከብሯል፣ እግር ስር የገባ ተረግጧል። ዳቦ መንገድ ላይ ወድቆ ስታገኝ አንስታ ስማ አጥር ላይ የምታስቀምጥ ሴት እግሯን ሳፋ ውስጥ አጃ ላይ አቁማ «እፎይ» እንድትል ነው የጠየቅኳት። ሳይንሱ ትክክል ነው፣ አቀራረቡ ነው ያልሄደው፣ ስንት የጤና ምክር እዚህ ጋ እንደሚወድቅ ሳስበው ደሞ ይገርመኛል፣ እንቢ ያለውን ሰው «አልገባውም» ብለን እናልፈዋለን እኮ።

ሳፋው ቀዘቀዘ። እሷም አየችው እኔም አየሁት። ከዛ ራሷ ናት መላውን ያመጣችው፣ «እጄን ልንከርበት» አለች፣ «እጅ እህል ይነካል።» እጇም ከውዱእና ከአመዱ ብዛት ጀርባው ተሰንጥቋልና ጥሩ ነው አልኩ። ነከረችው። ጣቶቿን ውሃው ውስጥ ከፈት ዘጋ እያደረገች ብዙ ቆየች፣ «ይለሰልሳል» አለች፣ «ተልባ ይመስላል።» ቆየት ብላ ደሞ «ጨርቅ ነክረሽ ከላይ ጣል አድርጊልኝ እግሬ ላይ» አለችኝ። ከላይ የሚለውን ስትል በአይኗ አየት አደረገችኝ።

ጨርቁ እንዴት ነው የሚሰራው

እንደውም ከመንከር የተሻለ ሆኖ ነው ያገኘሁት፣ ገንዳ ለሌለው ቤት ደሞ ከዚህ የሚቀል የለም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ የላመ አጃ ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ለብ ያለ ስል ክርናችሁን ስትነክሩት ሙቀቱም ቅዝቃዜውም የማይታወቃችሁ ማለት ነው፣ ሞቅ ካለ ከጨው ውሃው አልተለየም። አጃው በደንብ መላሙን ለማወቅ አንድ ማንኪያውን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በትናችሁ አማስሉት፣ ውሃው እንደነጣ ከቆየ ጥሩ፣ ወዲያው ታች ከዘቀጠ መልሳችሁ ፍጩት። ያረጀ ነጠላ ቅዳጅ ወስጄ እነክራለሁ፣ እስከማይንጠባጠብ ጨመቅ አድርጌ ትራስ ላይ በተሰቀለው እግሯ ላይ አለብሰዋለሁ። ሲደርቅ ወይ ሲሞቅ መልሼ እነክረዋለሁ፣ ከአስር እስከ አስራ አምስት ደቂቃ፣ ከዛ በላይ ሲቆይ ውሃ ራሱ ቆዳ ያደርቃል። ሲያልቅ በንጹህ ለብ ያለ ውሃ ለቅለቅ፣ በፎጣ ጫን ጫን እንጂ ፈተግ አይደረግም።

ከዛ ቫዝሊኑ፣ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ። እርጥበቱን ቆልፎ የሚያስቀረው እሱ ነው፣ ደረቅ ቆዳ ላይ ቢቀባ የሚቆለፈው እርጥበት ትንሽ ነው። አያቴ ያብረቀርቃል ልብስ ያበላሻል ብላ ትነጫነጭ ነበር፣ በጣም ትንሽ መዳፍ ላይ አሙቆ መቀባት ነው፣ ካልሲ ከላይ። ለውዱእ ውሃ ይከለክላል ወይ ብላም ጠይቃ ሰፈር ያሉ ሼህ ገብቶ የሰረገ ቅባት ችግር የለውም፣ ወፍራም ሆኖ ላይ የቆመውን ጥረጊው አሏት። ስለዚህ ማታ ከዒሻ በኋላ ነው ወፈር አድርጋ የምትቀባው፣ ቀን ቀን ደሞ ከውዱእ በኋላ ጠብታ ግሊሰሪን በውሃ።

ጥንቃቄም አለው። የፈሰሰው ውሃ ሲሚንቶ ላይ ያንሸራትታል፣ ትልቅ ሰው ያለበት ቤት ወዲያው መወልወል ነው። የተበጠበጠ አጃ አያድርም፣ በማግስቱ ይሸታል፣ እህል ነው በቃ ይቦካል። ገላ ላይ ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ክንድ ውስጥ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፣ አጃ የማይስማማው ሰው አለ፣ በተለይ ቆዳቸው በችፌ የተላጠ ህፃናት ላይ ሀኪም ሳይጠየቅ ባይደረግ ይመረጣል። ክፍት ቁስል ወይ መግል ያለበት ቦታ ላይም አይደረግም፣ የስኳር ህመምተኛ እግር ደሞ የሚነከር ነገር ጭራሽ አይስማማውም።

ውሃውን የት እንደፋ የሚለው ሌላ ድርድር ነበር። ሽንት ቤት አይሆንም፣ መንገድ ላይ ሰው ይረግጠዋል፣ ጓሮ ጤና አዳሟ ስር ተስማማን። ቱቦ ስለሚዘጋ እኔንም ተመችቶኛል።

ከሱፐርማርኬት የመጣው ሲያልቅ ደሞ ሌላ አይገዛም አለች። ከወረኢሉ ዘመድ የሚልክልን ገብስ ውስጥ አጃ ተቀላቅሎ ይመጣል፣ እሷ ድሮም ሰፌድ ላይ እየለቀመች ለዶሮ ነበር የምትሰጠው። አሁን ለራሷ ታስቀምጠዋለች። ይሄኛው ስራ አለው፣ ከነገለባው ስለሆነ እርጥብ አድርጋ በሙቀጫ ትፈትገዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ታበጥራለች፣ ከዛ ነው የሚፈጨው፣ በወንፊት ከተነፋ በኋላ ደግሞ በሻሽ። ካልተነፋ የገለባው ስባሪ ቆዳ ይወጋል፣ ማሳከክ ለማስታገስ ብላችሁ ማሳከክ መግዛት ነው። ያልታመሰ መሆን አለበት፣ ለአጥሚት የተቆላውን አትጠቀሙ። ጊዜ የሌለው ሰው የታሸገውን ይግዛ፣ በደንብ ይልማል፣ የማየው ልዩነትም የለም፣ አያቴ ግን «ይሄ ከዶሮ የተረፈ ነው፣ ከሰው አፍ አልነጠቅኩም» ትላለች፣ እኔም ምን አገባኝ።

እግሯ እንዴት ሆነ ለምትሉኝ፣ አመዱ ጠፍቷል። ማሳከኩ ሙሉ በሙሉ አልተወም፣ በጣም በሚበርድ ሌሊት ሚዶው ይሰማል። ከአጃው ይልቅ የለወጣት ነገር ምንድነው ብትሉኝ የልብስ ሳሙናው መቅረቱና የሚፋጀው ውሃ መቅረቱ ነው እላለሁ፣ ግን ጨርቁ ባይኖር ኖሮ ሙቅ ውሃዋን አትተውም ነበር። በሱ ምትክ ሌላ «እፎይ» ነው የሰጠናት። ከሰሉን ግን አልተወችም።

አጃ የማይመልሰው

አያቴ አንድ ነገር ከሰራላት ሰፈሩ በሙሉ ማወቅ አለበት። ቡና ላይ እግሯን ገልጣ አሳየች፣ በቃ ከዛ በኋላ ጀርባው ያሳከከው ሁሉ በራችንን አንኳኳ። አብዛኛው ድርቀት ነው፣ ደሴ በበጋ ማን ያልደረቀ አለ። ግን አንዷ ጎረቤታችን ልጇን ይዛ መጣች፣ ሰባት ስምንት አመት ቢሆነው ነው። ሌሊት ሌሊት ነው የሚብስበት አለች። እጁን አየሁት፣ በጣቶቹ መሀል ጥቃቅን ፍንጥርጣሪ፣ አንጓው ላይም፣ እምብርቱ ዙሪያም። ሌላስ ቤት ውስጥ የሚያክ አለ ስላት ዝም አለች፣ ከዛ «ሁላችንም» አለች ቀስ ብላ።

እከክ ነው። አጃ እከክን አይገልም። እከክ የሚያመጣው ቆዳ ውስጥ ገብቶ እንቁላል የሚጥል አይን የማያየው ተባይ ነው፣ በአጃ ብትለብጡት ልጁ ትንሽ ይረጋጋና ተባዩ ግን ስራውን ይቀጥላል፣ እህቱ ላይም ይተላለፋል። በ2008 ድርቅ ጊዜ በክልላችን በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ ስንት ሰው እንዳስለቀሰ የሚያስታውስ ያስታውሳል። እናትየዋ ግን ጤና ጣቢያ መሄዱን ፈርታዋለች፣ እከክ የቆሻሻ ሰው በሽታ ነው ስለሚባል፣ ለዚህ ነው ወደኛ የመጣችው፣ አጃ ደሞ ማንንም አያሳፍርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ። እዚህ ጋ ነው የቤት ውስጥ መላ የሚያስፈራኝ፣ ስለሚጎዳ አይደለም፣ ጨዋ ስለሆነ ነው፣ ሰው ጨዋውን መንገድ ይዞ ጊዜ ያቃጥላል።

አያቴ ቀደመችኝ። «ይሄ የኛ አይደለም» አለቻት፣ «ቤተሰቡን በሙሉ ይዘሽ ሂጂ።» እኔ አብሬያት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቅባቱ ተሰጣቸው፣ ከአንገት በታች ገላ ሁሉ በማታ ተቀብቶ የሚታደር፣ የማያክከውም የቤቱ ሰው ጨምሮ ሁሉም በአንድ ሌሊት፣ ከሳምንት በኋላ ደሞ ይደገማል። አንሶላና ልብስ በሙቅ ውሃ፣ መታጠብ የማይችለው በፌስታል ታስሮ ለቀናት፣ ተባዩ ከሰው ገላ ውጪ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ብዙም አይኖርም። ካልዳኑ ወይ ሌላ ነገር ከሆነ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው የሚሄዱት፣ ለቆዳ ወሎ ውስጥ ሰው የሚላላከው እዛ ነው።

ሁለተኛው ዙር ካለቀ በኋላ እናትየዋ ደንግጣ ተመለሰች፣ ልጁ አሁንም ያክካል፣ መድኃኒቱ አልሰራም ብላ ሦስተኛ ልትቀባው ነው። ጓደኛዬን ደወልኩላት። ተባዩ ቢሞትም ቆዳው ስለተቆጣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ማሳከኩ ሊቆይ ይችላል፣ አዲስ ፍንጥርጣሪ ካልወጣ አትደጋግሙበት፣ አሁን አጃም ቫዝሊንም ማድረግ ይቻላል አለች። አዲስ የወጣ የለም፣ አየነው በባትሪ።

አያቴ ተነስታ ጓዳ ገባች፣ ከቆርቆሮዋ በቡና ስኒ ሰፍራ አመጣችላት፣ ጫፉን በመዳፏ ጠርጋ አስተካክላ። ሴትየዋ ስትመርቃት «ብድር ነው» አለቻት፣ «ገብስሽ ሲገባ ለቅመሽ ትመልሺያለሽ።»